ሰፊ አትግዢ፤ ደብዳቤ ለልጄ

አዳማ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጉልበቴ ማታ ማታ ያስቸግረኛል፤ እሱንም ለምጄዋለሁ።

በኅዳር ሚካኤል 50 ዓመት ይሞላሻል። የተወለድሽ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ያቃጥል ነበር። ጭሱ በመስኮት እየገባ አዋላጇ እየሳለች ነው የተቀበለችሽ። "ኅዳር ሲታጠን የመጣች ልጅ በሽታ አይደፍራትም" ብላ መረቀችሽ። ምርቃቷ ደርሷል። እንኳን አደረሰሽ፣ የኔ እናት።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልግባ። የአክስትሽ ልጅ ደብረ ብርሃን ለሥራ ደርሳ ስትመለስ እኔ ጋ አደረች። ስለ አንቺ ጠየቅኳት። "ደህና ናት" አለችና ትንሽ አመነታች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ አብራችሁ የተነሣችሁትን ፎቶ አሳየችኝ። ጉልበትሽ ሊደርስ ምንም ያልቀረው ጥቁር ሹራብ ለብሰሻል። እጅጌው ጣቶችሽን ሸፍኗል። የትከሻው ስፌት ወደ ክርንሽ ወርዷል። ለምን እንዲህ ትለብሻለሽ ብትልሽ "ወፈርኩ፣ አረጀሁም፣ ከእንግዲህ ምን ብለብስ ምን ለውጥ አለው" አልሽ አሉ። ከፎቶው ይልቅ ይሄ ቃል ነው እንቅልፍ የነሣኝ።

ሰፊ አትግዢ። ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ብትይዢ ይህንን ያዢ። ሰፊ ሹራብ አትግዢ።

ያደግሽው ሹራብ ማሽን ሥር ነው። መስከረም በመጣ ቁጥር ወላጆች የተማሪ ሹራብ ሊያሠሩ ሲመጡ ምን ይሉ እንደነበር ታስታውሻለሽ። "ሰፋ አድርጊልኝ፣ ያድግበታል።" እውነታቸውን ነበር። ልጅ ያድጋል፣ ገንዘብ የለም፣ አንዱ ሹራብ ሁለት ዓመት መለበስ አለበት። አንቺ ግን የ50 ዓመት ሴት ነሽ። ምን ልታድጊበት ነው ሰፊ የምትገዢው?

ሰፊ ሹራብ ሥጋ አይደብቅም። የሰው ዓይን የሚከተለው ጨርቁ የሚያልቅበትን ነው። ትከሻው ወርዶ ካየ ሴትዮዋ እስከዚያ ድረስ ሰፊ ናት ብሎ ያምናል። ከደረት ላይ ተንጠልጥሎ ቀጥ ብሎ የወረደ እንደሆነ ወገብ የሚባል ነገር ይጠፋል። ድንኳን ውስጥ የገባች ሴት ቅርጿ አይታይም፤ የሚታየው የድንኳኑ ስፋት ነው።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቢ ከሁሉ በፊት ትከሻውን እዪ። ስፌቱ የትከሻሽ አጥንት የሚያልቅበት ላይ ማረፍ አለበት። ትከሻው ልክ ከሆነ ሌላው ይስተካከላል፤ እጅጌ ይታጠፋል፣ ርዝመት ይቆረጣል። ትከሻ ግን አይጠገንም። በዚህ ማሽን ላይ ወገቤ እስኪጎብጥ ሠርቻለሁና እመኚኝ።

ልክሽን ግዢ ስልሽ ደግሞ የሚያጣብቅ ግዢ ማለቴ አይደለም። ደረት ላይ በቁልፎቹ መካከል አፉን የሚከፍት ከሆነ ጠቧል። ስስ ሹራብ ሲሆን የደረትሽን ዙሪያ ለኪና ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ጨምሪበት፤ እሱ ይበቃል። ልባሽ ተራ ስትሄጂ አንገቱ ላይ የተጻፈውን ላርጅ፣ ኤክስትራ ላርጅ አትመኚ። ስንት ጊዜ እንደታጠበ፣ ስንት እንደገባ ማን ያውቃል። ጠረጴዛ ላይ ዘርጊው፤ ከብብት እስከ ብብት ለኪ፤ በሁለት አባዢ። ሜትር ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። እኔ ሜትር ሳልይዝ ከቤት ወጥቼ አላውቅም።

ብርዱን አትርሺ ትይኛለሽ። አልረሳሁም። ደብረ ብርሃን ከአዳማ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ እንደሚወርድ እኔ የመንዝ ሰው ልጅ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። ግን ሰፊ ሹራብ አያሞቅም። ከሥር ክፍት ነው፤ ስትራመጂ ነፋሱ ገብቶ ይወጣል። የሚያሞቀው ሁለት ስስ ልብስ ደርቦ መልበስ ነው፤ ሙቀቱን የሚይዘው በመካከላቸው የሚቀረው አየር ነው። ከውስጥ ስስ ሹራብ፣ ከላይ በቁልፍ የሚከፈት።

በቁልፍ የሚከፈተውን ያልኩበት ሌላ ምክንያትም አለኝ። ሴት ለሴት ነውና ልንገርሽ። በአንቺ ዕድሜ ሳለሁ ድንገት ከደረቴ ተነሥቶ ፊቴን የሚያነደው ሙቀት ይመጣብኝ ነበር። በናዝሬት ሙቀት ላይ ሌላ ሙቀት! አብዛኛዋ ሴት የወር አበባዋ የሚቋረጠው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ክብደት ብዙ ባይጨምር እንኳ ስብ ወደ ሆድ ይሰበሰባል። አንቺ "ወፈርኩ" የምትይው ይሄ ሳይሆን አይቀርም። ማንም ሴት ያልፍበታል፤ ዓለም ያለቀ አታስመስይው። በጭንቅላት የሚጠለቅ ወፍራም ሹራብ ለብሰሽ ስብሰባ ላይ ሙቀቱ ቢመጣብሽ ምን ታደርጊያለሽ? በቁልፍ የሚከፈት ከሆነ ትከፍቺዋለሽ። ተከፍቶ ሲወርድም ከፊት ለፊት ቀጥ ያለ መስመር ይሠራልሽና ረዘም ያደርግሻል። ሙቀቱ ከበዛብሽ ሐኪም ጠይቂ። አትፈሪ።

አንገቱ ቪ ቅርጽ ያለው ይሁን። የአባትሽን አጭር አንገት ነው የወረስሽው፤ እስከ አገጭ የሚወጣ አንገት አይሆንሽም። ከበረደሽ ሻርፕ ጣል አድርጊበት። ከሥር በላስቲክ የሚጨብጠውንም ተዪው፤ ሆድ ላይ ይቆለላል። ዳሌሽ በጣም ሰፊ በሆነበት ቦታ ላይ የሚያልቅ አትምረጪ፤ ዓይን እዚያው ይቆማል። ወይ ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ወይ ወረድ ብሎ ይለቅ። ጡት መያዣሽንም ቀይሪ። አረጀ። ከሥር ያለው ካልተስተካከለ ከላይ ያለው ሹራብ ምን ያድርግ?

ጥቁሩን በተመለከተ። አባትሽ ካረፈ ዓመቱ ወጥቷል። ሐዘንሽን አልነካም፤ እኔም በልቤ አለ። ግን ጥቁር ከፊትሽ ላይ ብርሃኑን ወሰደው። ጠጉርሽ ሽበት ጀምሮታል፣ መልክሽም እንደ ድሮው ቀይ ዳማ አይደለም፤ ከአንገትሽ ሥር ቀለም ይፈልጋል። የወይን ጠጅ ቀለም ይሆንሻል። ሰማያዊም። ቢጫም።

ቢጫ ስል አያትሽ ትዝ አሉኝ። ይህን ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ።

አንቺ ገና ትንሽ ሳለሽ ለእንቁጣጣሽ የአደይ አበባ ቀለም ያለው ክር አገኘሁ። እውነተኛ ሱፍ ነበር፤ ለስላሳ። ሌሊት ሌሊት፣ የደንበኛ ሥራ ሲያልቅ፣ ለአያትሽ ሹራብ ሠራሁላቸው። ልካቸውን በአሮጌ ቀሚሳቸው ነው የወሰድኩት። ከመሐል ሜዳ መጥተው እኛ ጋ ነበሩ። ሲለብሱት ትከሻው ልክ ቁጭ አለ። መስታወት ፊት ቆሙ። ዞረው ጀርባቸውን አዩ። እናቴ መስታወት ስትመለከት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "እኔ ነኝ?" አሉ። ሳቁ። ከዚያ ነጠላቸውን ደርበው ቡና ሊጠጡ ጎረቤት ሄዱ።

ተመልሰው ሲመጡ ሹራቡ ክንዳቸው ላይ ነበር። አንዷ "ለባልቴት ደግሞ ቢጫ!" ብላቸዋለች። ሌላ ምንም አላሉኝም። "ለክት ይሁን ልጄ" ብለው አጣጠፉት። ይዘውት ወደ መንዝ ሄዱ። ዓመታት አለፉ። በሄድኩ ቁጥር እጠይቃለሁ፤ "አለ፣ ሳጥን ውስጥ አለ" ይሉኛል። በዚያ ብርድ ባና ተከናንበው ይቀመጣሉ። የመንዝ ባና ይሞቃል፤ ግን የሀገራችን በግ ጠጉሩ ወፍራም ነው፣ አንገት ላይ ይወጋል፣ አንገታቸውን ሲያኩ አያለሁ። ከተዝካራቸው በኋላ ሳጥኑን ስንከፍት ሹራቡ እንደታጠፈ ነበር። ብል በልቶታል። አንሥቼ ብዘረጋው ብርሃን በመቶ ቀዳዳ ገባ።

አንድ ሴትዮ ቡና ላይ በወረወረችው ቃል እናቴ ያን ሁሉ ክረምት በረዳት። ያ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አሁን ደግሞ ልጄ ለራሷ ያንኑ ቃል ስትናገር ስሰማ እንዴት ዝም እላለሁ? አረጀሁ አትበዪ። እኔ 74 ዓመቴ ነው፤ አላረጀሁም። ሰፊ አትግዢ። ጥቁር አትደርቢበት። ለክት ብለሽም አታስቀምጪ።

ስለ ብል ካነሣሁ አይቀር፣ ሱፍ ሳታጥቢ አታስቀምጪ። ትሉ ላብና የምግብ ጠብታ ያለበትን ያስቀድማል። አጥበሽ፣ በደንብ አድርቀሽ፣ አየር የማያስገባ ፌስታል ውስጥ አሥረሽ አስቀምጪ። በወሩ አውጥተሽ አራግፊ።

አጣጠቡንም ለምትረዳሽ ልጅ አስረጃት። ለብ ባለ ውኃ፣ በትንሽ የጠጉር ሻምፖ። ሙቅ ውኃና ማሸት ሱፍን ያጣብቀዋል፤ የአንቺ ሹራብ የልጅሽ ይሆናል፣ ወደ ኋላም አይመለስም። አይጠመዘዝ። በፎጣ ጠቅልላ ትጫነውና ጥላ ውስጥ ሰሌን ላይ ትዘርጋው። ገመድ ላይ ከተሰጣ በራሱ ክብደት ይረዝማል፣ ትከሻውም ይበላሻል። መስቀያ ላይም አይሰቀል፤ ይታጠፍ።

ነጋዴው "ንጹሕ ሱፍ ነው" ብሎ ከማለልሽ ከውስጥ ስፌቱ አጠገብ አንዲት ክር ምዘዢና ከሱቁ ውጪ በክብሪት ለኩሺ። ሱፍ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈርሳል። አክሪሊክ ይቀልጥና ጠጣር ዶቃ ይሆናል። አክሪሊክ ክፉ አይደለም፤ ይረክሳል፣ ለመታጠብ ይቀላል። ግን በሱፍ ዋጋ አትግዢው። ብብትና ክርን አካባቢ ቶሎ ትንንሽ የክር እንክብል ያወጣል። ላብም አይጠጣልሽም። ሱፍ ግን ከክብደቱ 30 በመቶ ያህል እርጥበት ይዞ እንኳ ሲነኩት እርጥብ አይመስልም፤ ለዚያ ድንገተኛ ሙቀትሽ ደግ ነው። ልባሽ ከሆነ የእጅጌውን ጫፍ ሳቢና ልቀቂው፤ ካልተመለሰ ተዪው። ወደ ብርሃን አንሥተሽም ቀዳዳ ፈልጊ። ቀለሙን በር ላይ ወጥተሽ በፀሐይ እዪ፤ የሱቅ አምፖል ቀለም ያሳስታል።

ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ ከነጠላው ሥር ስስ፣ ነጣ ያለ ሹራብ ይበቃል። ወፍራሙን ከደረብሽበት ነጠላው አይቀመጥልሽም።

ልጄ፣ ተቆጣሁሽ መሰለኝ። አትቀየሚኝ። ፎቶውን ካየሁ ጀምሮ እጄ ሥራ ይፈልጋል፤ ዓይኔ ግን መርፌ አይለይም። ማሽኑን የወሰደችው የጎረቤት ልጅ ጎበዝ ሆናለች፣ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አሠራታለሁ። የልደትሽ ስጦታ ነው፤ ገንዘብ እንዳትልኪ። ክሩን እኔ እመርጣለሁ፣ ቀለሙን አንቺ ምረጪ። ጥቁር ካልሽ አላሠራም።

ልክሽን እስከ ዓርብ በአክስትሽ ልጅ ቴሌግራም ላኪልኝ። የደረት ዙሪያ፣ የዳሌ ዙሪያ፣ ከትከሻ አጥንት እስከ ትከሻ አጥንት በጀርባ በኩል፣ የእጅጌ ርዝመት እስከ አንጓሽ ድረስ። ትልቋ ልጅሽ ትለካሽ፤ ብቻሽን የጀርባውን አትችይውም። ሜትሩ አይጥበቅ፣ ልብስሽ ስስ ይሁን። ሆድሽን አትሳቢ። ሰፋ አድርጊልኝ ብለሽ ቁጥር እንዳትጨምሪ፤ ትከሻሽን በዓይኔ አውቀዋለሁ።

እናትሽ