ውሃዬን ለጎረቤቴ ለቀቅሁት

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የምጽፍላችሁ ከደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ነው። የምኖረው አባቴ ባወረሰኝ የጭቃ ቤት ነው። መሠረቱ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ፣ ግድግዳው ባሕር ዛፍና ጭድ የተቦካበት ጭቃ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር የመኝታ ቤቴ ግድግዳ እስከ ጉልበቴ ድረስ ይረጥባል። አልጋዬን ስንቴ ወደ መሀል እንደጎተትኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ግንበኛ «በሲሚንቶ ልለስንልሽ፣ ይገላግልሻል» አለኝ። ከፈልኩ። ጭቃው ከመሬት የመጠጠው ውሃ መተንፈሻ ሲያጣ ጊዜ ወደ ላይ ወጣ። ልስኑም ተገሽልጦ ወደቀ። ለካ ችግሩ ግድግዳው ላይ ሳይሆን ከመሬቱ ስር ኖሯል።

ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ ውሃውን ከመሠረቱ የሚያርቅ ቦይ በቤቱ ዙሪያ አስቆፈርኩ። አፈራችን ጥቁር ነው፤ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ክረምት ያብጣል። ስለዚህ ቦዩን ከግድግዳው ራቅ አድርገን፣ ከመሠረቱ ግርጌ ሳንወርድ፣ ሦስት ሦስት ሜትር እየቆፈርንና እየሞላን ሄድን። የድሮ ቤት ዙሪያውን ባንዴ ከተከፈተ ይንሸራተታል። ማጣሪያ ጨርቅ ተነጠፈ፣ ጠጠር ፈሰሰ፣ ከዚያ የተበሳሳ ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ (ፒቪሲ) ቱቦ ገባ። በየሜትሩ አንድ ሳንቲ ሜትር እንዲወርድ በውሃ ልክ ለካን። የሚሠሩት ልጆች ቀዳዳውን ወደ ሰማይ ሊያዞሩት ነበር። ውሃው ጠጠሩን ከታች ሞልቶ ነው ቱቦ የሚገባው፤ ቀዳዳው ወደ ታች መሆን አለበት ብዬ ተሟገትኩ። አሸንዳም አሰቀልኩ።

ሐምሌ ገባ፤ ግድግዳዬ ደረቀ! ደስታዬ ግን ሳምንት አልቆየም። ከታች ያሉት እትዬ በአጥር ጠሩኝ፦ «እታለም፣ ምነው ውሃሽን እኔ ላይ ለቀቅሽው?» ሄጄ አየሁ። የቱቦዬ ጫፍ በቀጥታ የሚያፈሰው ወደ ማድ ቤታቸው ነው። ምጣዳቸው በውሃ ተከቧል፣ እንጨቱ በስብሷል። አፈርኩ። «ቡና ጠጪ» ሲሉኝ ደግሞ የባሰ አፈርኩ።

ወደ ላይ ቀና ብዬ ሳይ፣ የላይኛው ጎረቤቴም እኔ ላይ ይለቃል። ሁላችንም የምንለቀው ወደ ታች ነው፤ ያውም በየግላችን ገንዘብ እየከፈልን። ኮብልስቶኑ ሲነጠፍ ጎኑን ይዞ የወረደው ቦይ አጥራችን ጋ ሲደርስ ድንጋይ ላይ ያልቃል። መንገዱም ከበራችን ከፍ ብሎ ተሠርቷል። የድሮ ቤት ሁሉ ጎድጓዳ ውስጥ ቀረ።

የምለው አጭር ነው። መስቀል ካለፈ በኋላ የመንገዱ ቦይ ወደ ቦርከና ወንዝ እስከሚወርደው ጅረት ይቀጥል። የየቤታችንን ቱቦ እዚያ እናገናኛለን። ጉልበቱን እኛ እናዋጣለን፤ የሰፈሩን ሰው ጠይቄያለሁ፣ እሺ ብለዋል። የሚመለከተው ክፍል መሐንዲስ ልኮ መስመሩን ያስምርልን።

እስከዚያው የቱቦዬን ጫፍ ወደ በርሜል አዙሬዋለሁ። ደህና ዝናብ ከጣለ በርሜሉ ሳይሞላ ሩብ ሰዓት አይቆይም፤ ባልዲ ይዤ እሮጣለሁ።

አንዲት የደሴ ነዋሪ