ለአባዬ፤ ያላነበብክልን ምዕራፍ

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትንሹ ፊደል እስከ «ቸ» ደርሷል፤ የፊት ጥርሱ ስለወለቀ «ሰ» ሲል ያፏጫል። ትልቋ ቁመቷ እኔን ሊደርስ ነው።

እሑድ ስንነጋገር እጅህ ላይ የተለጠፈችውን ነጭ ፕላስተር በጋቢህ ስትሸፍናት አይቻለሁ። ወንድሜ «ጉንፋን ቢጤ ነው» አለኝ። ጉንፋን ግሉኮስ አያሰካም፣ አባዬ።

ሰሞኑን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንደገና ይዣለሁ። ያንተን ትዝ ይልሃል? የ1958ቱን፣ ጀርባው ተገንጥሎ በክር የሰፋኸውን? መብራት በጠፋ ማታ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው እንደሰማኸው ድምፅህን እያወፈርክ እያቀጠንክ ታነብልን ነበር። በዛብህ ሊሞት ሲል ግን አጠፍከው። «ነገ እንቀጥላለን» አልክ፤ ሳንቀጥል ቀረን። መጨረሻውን ትምህርት ቤት ብቻዬን አንብቤ አለቀስኩ።

የበዛብህን ነገር «ዕድሉ ነው» ትል ነበር። እኔም ወልጄ ሳነበው ግን ዕድል ማለት አቃተኝ። ወላጆቹ እንዳይሞትባቸው ፈርተው ገና በልጅነቱ በስለት ለእግዚአብሔር ሰጡት፤ ሚስት እንዳያገባ ወሰኑለት። ስለወደዱት ነው ያሰሩት። እዚያ ላይ ክፉ ሰው የለም፤ ልቤን የሚያደማውም ይኸው ነው።

የእማዬንም እንደዚያው አደረግኸኝ። «ደክሟት ተኝታለች» አልከኝ፤ በሳምንቱ «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች»። ፈተናዬ እስኪያልቅ ብለህ ነው፣ ይገባኛል። አርባዋ ካለፈ በኋላ አንድ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ሰባት የአገር ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፤ አንዷ በፌስታል ዳቦ ይዛለች። ማንም ሳይናገር ዳቦውን ሳየው ገባኝ። አርባ ቀን ሙሉ በልቼ፣ ስቄ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ ነበር። እሷ አፈር ውስጥ ሆና! ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩህም። ለመናገር 11 ዓመት ፈጀብኝ።

የበዛብህ ፍቅረኛ ሰብለ ወንጌል እንኳ ያን ሁሉ አገር በእግሯ ተጉዛ፣ እስትንፋሱ ሳይወጣ ደርሳለታለች። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በቀጥታ በረራ 13 ሰዓት ገደማ ነው። አባዬ፣ ያንተንም በሬን አንኳኩተው አይንገሩኝ። ከዚህ በላይ እጄ አልጽፍ አለኝ።

ሐኪሙ የጻፈውን ወረቀት ወንድሜ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ፤ ሁሉንም ገጽ። የግፊት ኪኒንህን አታቋርጥ። ሌሊት ስትወጣ የበረንዳው ደረጃ ያንሸራትታልና ወንድሜን ቀስቅሰው። የላክሁት ገንዘብ ለምርመራው ነው፤ እንደ አምናው ለሰው እንዳታበድረው።

ለገና እመጣለሁ፣ ትኬት ቆርጫለሁ። መጽሐፉን ከራስጌህ አኑረው፤ ካቆምክበት እኔ አነብልሃለሁ። እሑድ ስደውል ደግሞ እጅህን ከጋቢው አውጣው።

ልጅህ