ለኮምቦልቻ የሠራተኛ ማኅበራችን አባላት፦ ስለ ስንብትና ስለ ይርጋ

የተከበራችሁ አባላት፣

ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ሽማግሌ ልኮ መልስ ሲጠባበቅ ጊዜው እንደሚያልፍበት ስለምናይ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ (ማለትም ሕጉ ለጥያቄው የወሰነው ጊዜ በማለፉ) እንደሚታገድ እናሳስባለን። ሽምግልናው ይቀጥል፤ ብቻውን ግን ቆጠራውን አያቆምም። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ ደግሞ ክፍያው ሊፈጸም ከሚገባበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር ይታገዳል።

የሌሊት ፈረቃ ላይ ያላችሁ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተሠራው ትርፍ ሰዓት መደበኛው የሰዓት ክፍያ በ1.75 ተባዝቶ መከፈሉን አመሳክሩ። የጽሑፍ ውል አለመኖር መብት አያሳጣም፤ ማስረጃ ማጣት ግን ያደክማል። ስለዚህ የስንብት ደብዳቤ የደረሰው አባል ቅጂውን ይዞ በዚያው ሳምንት ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይምጣ።