«ሁሉም ተማሪዎች» ስትሉ የማታውን ረስታችኋል

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ኮምቦልቻ የተማሪዎች ካውንስል ምርጫ ያወጣችሁትን ዘገባ በምሳ ሰዓት ከሥራ ጓደኞቼ ጋር አነበብነው። ፎቶው ያምራል። የድምፅ መስጫው ካርቶን፣ ሰልፉ፣ ባጅ ያንጠለጠሉት ዕጩዎች፣ ሁሉም ደስ ይላል። አንዷ ዓረፍተ ነገር ግን አናደደችን፦ «ሁሉም ተማሪዎች ተወካዮቻቸውን መርጠዋል»።

ኧረ ባካችሁ! እኔም ተማሪ ነኝ። 11ኛ ክፍል፣ የማታ። ምርጫው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ሲካሄድ የሸሚዝ ኮሌታ እየሰፋሁ ነበር። አጠገቤ ያለችውም የማታ ተማሪ ናት፣ ከኋላዬ ያለችውም። ምርጫ መኖሩን የሰማነው ከእናንተ ነው። ለዚህስ እናመሰግናለን።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ ቀድሞም ነበር። በ2009 ዓ.ም የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ቀን ሠርቶ ማታ የሚማር ወጣት እዚህ ሞልቷል። ስለዚህች ከተማ ወጣቶች እየጻፉ የማታውን መዝለል ሐይቅ ደርሶ ውሃ አላየሁም እንደማለት ነው።

የጠቀሳችሁትን የወጣቶች ፖሊሲ እንየው። በ1996 ዓ.ም ሲወጣ ወጣት ያለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። እኔ 22 ነኝ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 መሠረት 18 ከሞላኝ ጀምሮ የፓርላማ አባል መምረጥ እችላለሁ። በምርጫ ሕጉ ደግሞ 21 ስላለፈኝ ራሴም መወዳደር እችላለሁ። የሽንት ቤት ቁልፍ ጉዳይ የሚያነሳልኝ ተወካይ መምረጥ ግን አልተፈቀደልኝም።

የቁልፉን ነገር ላስረዳ። የቀን ተማሪ ሲወጣ ሽንት ቤቱ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው። የማታ ልጅ ከቸገራት ግቢውን በሞባይል መብራት አቋርጣ «አባባ፣ ቁልፍ» ብላ መለመን አለባት። እሳቸው ሶላት ላይ ከሆኑ ትጠብቃለች። ቤተ መጻሕፍቱም ዝግ ነው። ለዩኒት መሪው ብንነግር «ለካውንስላችሁ አቅርቡ» አለን። አንድ የካውንስል አባል ፈልገን አገኘን። «እናንተማ ትልልቅ ሰዎች ናችሁ፣ እኛን አትመለከቱንም» አለን። ልጁን አልቀየመውም። አልመረጥነውም፣ ምን ዕዳ አለበት?

ክፍያ ሲሆን ግን የሚረሳን የለም። ያልከፈለ ስሙ ክፍል ውስጥ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ያኔ «ሁሉም ተማሪዎች» ውስጥ አለን!

«የማታዎቹ ራሳቸው መሳተፍ አይፈልጉም» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ደክሞን እንደምንገባ እውነት ነው፤ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሚያንቀላፋም አይጠፋም። ድምፅ መስጠት ግን ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ካርቶኑን እስከ ማታ ማቆየት ምን ይከብዳል? ለማታው ሁለት ወንበር መመደብስ?

ጋዜጠኛችሁ ርዕሰ መምህሩን አነጋግሯል፣ ኃላፊውን አነጋግሯል፣ የተመረጠችውንም ልጅ። ከዚያ በጊዜ ወደ ደሴ ተመልሷል መሰለኝ። መንገዱ ላይ ያለው የሐረጎ ዳገት ሲመሽ ጉም ይለብሳል፣ አይፈረድበትም።

አሁን ማረሚያ አውጡልን። «የቀን ተማሪዎች» በሉ፣ ይበቃል። ቀሪውን ዘገባ መሥራት ካማራችሁ ጋዜጠኛው ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ይምጣ። ባትሪ ይያዝ። ሽንት ቤት ካስፈለገው ቁልፉ አባባ ጋ ነው።

የማታ ተማሪ፣ ከኮምቦልቻ