መኪናው አልቆም ሲል የሚነቀል ቁልፍ የለም፣ ሾፌሩን ማን ያስተምረው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ መኪና መንዳት የማስተምር ሰው ነኝ። ለተማሪም ለነባር ሾፌርም የምጠይቃት አንድ ጥያቄ አለች፣ የማገኘው መልስ ስላስጨነቀኝ ነው ዛሬ የምጽፍላችሁ። ጥያቄዋ እየነዳህ መኪናው ነዳጅ ሳትሰጠው ፍጥነት እየጨመረ ቢሄድና አልቆም ቢልህ ምን ታደርጋለህ የምትል ናት። አብዛኛው ሰው ሳያስብ "ቁልፉን አጠፋዋለሁ" ይለኛል። የቱን ቁልፍ? ስለው እጁ መሪው ስር ይሄዳል፣ እዛ ግን ምንም የለም፣ ዳሽቦርዱ ላይ ክብ የስታርት በተን ነው ያለው፣ ሪሞቱ ደግሞ ኪሱ ውስጥ ወይ ሚስቱ ቦርሳ ውስጥ ነው።

በቅርቡ ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ በሜትር ታክሲ ስሄድ መኪናው አዲስ ኤሌክትሪክ ነበር፣ ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ቻይንኛ። ሾፌሩን ወንድሜ ኒውትራሉ (ሞተሩ ጎማውን እንዳይገፋ የሚያደርገው ማርሽ) የቱ ጋ ነው ብዬ ጠየቅኩት። ማዞሪያዋን ወደ ዲ (ወደፊት) እና ወደ አር (ወደኋላ) እንዴት እንደሚያደርጋት አሳየኝ፣ ኒውትራልን ግን "እሷን እኔ ነክቻት አላውቅም ጋሼ፣ ላቫጆ ያሉት ልጆች ናቸው የሚያስገቧት" አለኝ። ጎበዝ ሾፌር ነው፣ ረጋ ብሎ ነው የሚነዳው፣ ግን ቀኑ ከከፋ ነፍሱን የምታድነውን ነገር የሚያውቃት ላቫጆ ያለው ልጅ ነው። ይሄ የሱ ጥፋት አይደለም፣ ማንም አላሳየውም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል፣ እሰየው ነው እኔ አልቃወምም። ግን በነዚህ መኪኖች (በነዳጅ በሚሠሩት ባለ በተን መኪኖችም ጭምር) እግራችንና እጃችን የሚነካው ነገር ሁሉ ከሞተሩ ጋር በቀጥታ አይገናኝም። ድሮ ነዳጅ መስጫውን ስትረግጥ ሽቦ ነበር የምትጎትተው። አሁን ፔዳሉ ላይ ያለው ሴንሰር ለኮምፒውተሩ ይህን ያህል ረግጧል ብሎ ይናገራል፣ ኮምፒውተሩ ነው የሚያዘው። ማርሹም እንደዛው፣ ስታርት በተኑም እንደዛው። በተኑን ስትጫን ሞተሩን ያጠፋኸው አንተ አይደለህም፣ ይጥፋልኝ ብለህ ጠየቅክ እንጂ፣ መኪናው እየሄደ ከሆነ ደግሞ በስህተት ነክቶት ይሆናል ብሎ አንዴ ነካ ለተደረገው ምላሽ አይሰጥም። ብዙ መኪኖች ላይ ሁለት ሦስት ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ወይም ቶሎ ቶሎ ሦስት ጊዜ መጫን ያስፈልጋል። ይሄን የማያውቅ የደነገጠ ሰው አንዴ ነክቶ ይለቅና እምቢ አለኝ ይላል።

ይሄ ዝም ብሎ የወሬ ስጋት አይደለም። በፈረንጆቹ ነሐሴ 2009 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም በፈረንጆቹ ናቸው) አሜሪካ ካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ አጠገብ ሳንቲ በምትባል ከተማ አንድ የሀይዌይ ፖሊስ መኪናው ጥገና ገብታ በምትኳ በተሰጠችው ሌክሰስ ኢኤስ 350 ቤተሰቡን ይዞ ሲሄድ ነዳጅ መስጫው እንደተረገጠ ቀረ። መኪናዋ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረች አብሮ የነበረው የሚስቱ ወንድም የአደጋ ጥሪ ቁጥሩ 911 ላይ ደውሎ ነዳጅ መስጫው ተይዟል፣ ፍሬን የለንም፣ መስቀለኛው መንገድ ጋ እየደረስን ነው እያለ ነበር። አራቱም ሞቱ። ሰውየው እኮ መንገድ ላይ የሚሠራ፣ መኪና መንዳት ሥራው የሆነ ፖሊስ ነው! ምርመራው ያገኘው ምክንያት የሌላ ሞዴል የጎማ ምንጣፍ ከታች ተነጥፎ ፔዳሉን መያዙን ነው። የፍሬኑ ዲስክና ሸራ ተቃጥሎ ነበር የተገኘው፣ ማለትም ፍሬን አልረገጠም አይባልም፣ እስኪግል ረግጦታል። የዛች መኪና በተን ደግሞ እየሄደች ለማጥፋት ሦስት ሰከንድ መያዝ የሚፈልግ ነበር፣ ይሄን የሚናገር ጽሑፍ ዳሽቦርዱ ላይ አልነበረም፣ መኪናዋም የሱ አይደለችም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ግን ከዚያ ቀናት ቀደም ብሎ የሆነው ነው። ያችኑ መኪና፣ ያንኑ ምንጣፍ፣ ሌላ ደንበኛ ወስዷት ነበር፣ እሱንም እንደዛው ይዛው በረረች። ሰውየው ፍሬኑን በደንብ ረግጦ ፍጥነቷን አወረደ፣ ኒውትራል አስገባ፣ ሞተሩ እየጮኸ ዳር አወጣትና አቆማት፣ ከዛ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ፔዳሉን የያዘው ምንጣፉ ነው። ሲመልሳትም ለድርጅቱ ሰዎች ተናግሯል። ሁለቱ ሾፌሮች ላይ የደረሰው ችግር አንድ ዓይነት ነው፣ አንዱ ቤቱ ገባ።

ከዛ በኋላ የሌክሰስ አምራች ቶዮታ በሚሊዮን የሚቆጠር መኪና ለማስተካከል መልሶ ጠራ፣ በ2011 የናሳ መሐንዲሶች ኤሌክትሮኒክሱን መርምረው መኪናን እንዲህ የሚያስበርር ጥፋት አላገኘንም አሉ፣ በ2013 ደግሞ ኦክላሆማ ያለ የፍርድ ቤት ጁሪ በ2005 ሞዴል ካምሪ ላይ የኤሌክትሮኒክሱ ጥፋት ነው ብሎ ፈረደ፣ በ2014 ኩባንያው መረጃ ደብቋል ተብሎ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ። ክርክሩ ለመሐንዲሶችና ለጠበቆች ነው። ሾፌሩ ጋ ሲደርስ ምክንያቱ ምንጣፍም ይሁን ሶፍትዌር እጁና እግሩ ማድረግ ያለባቸው ነገር አንድ ነው።

መጀመሪያ እግርህን ከፔዳሉ ላይ አንሳ። ይሄን የምለው ሰው ስለምንቅ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ በረረብኝ የሚባለው መኪና ፍሬን መስሎት ነዳጅ የረገጠ ሰው ስለሚሆን ነው። በ1980ዎቹ ኦዲ 5000 የሚባለው መኪና በዚሁ ነገር ስሙ ጠፍቶ በ1989 የአሜሪካ መንግሥት ምርመራ ዋናው ምክንያት የፔዳል ስህተት ነው ብሏል። ቶኪዮ ኢኬቡኩሮ በ2019 አንድ ሽማግሌ እናትና ልጅ ገጭቶ ሲገድል መኪናው ነው አጥፊው ብሎ ነበር፣ ፍርድ ቤቱ ግን ነዳጁን ነው የረገጥከው ብሎ አምስት ዓመት ፈረደበት። ስለዚህ መጀመሪያ እግርህን አንሳና እንደገና ፍሬኑን ፈልገህ አግኝ።

አግኝተኸው መኪናው አሁንም እየገፋ ከሆነ ፍሬኑን አንዴ፣ ባለህ ኃይል፣ በሁለት እግርም ቢሆን ረግጠህ ያዝ። አትምታው! እዚህ ጋ ነው ትልቁ ስህተት ያለው። ታላላቆቻችን ፍሬን እምቢ ሲል መታ መታ አድርገው ብለው ነው ያስተማሩን፣ ያ ዘይቱ ለጎደለበት ፍሬን ነው። የቤንዚን መኪና ፍሬኑን የሚያቀልለት ከሞተሩ የሚያገኘው የአየር መሳብ ኃይል ነው፣ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሲቀር ያ ኃይል አይመጣም፣ ተጠራቅሞ ያለው ለአንድ ሁለት ርግጫ ብቻ ነው። ከመታኸው ያልቃል፣ ከዛ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆንብሃል። ለስለስ አድርጎ ረጅም መንገድ መያዝም መጥፎ ነው፣ ሸራው ይግላል። አንዴ ጠንከር ተደርጎ ከተረገጠ ግን ጤነኛ ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሩ ይበረታል። የኤሌክትሪክ መኪኖች ፍሬኑን የሚያግዝ የራሱ ሞተር ስላላቸው ይሄ የአየሩ ችግር የለባቸውም፣ አረጋገጡ ግን ያው ነው።

ፍሬኑ እንደተረገጠ ኒውትራል። ባለ እንጨት ካምቢዮ ከሆነ ወደፊት ገፋ ነው፣ ባለ ማዞሪያ ወይ ባለ በተን ከሆነ ኒውትራል ላይ አንድ ሁለት ሰከንድ መያዝ የሚፈልግ አለ። የቤንዚን ሞተር ከሆነ ያኔ በጣም ይጮሃል፣ ሰው ጩኸቱን ፈርቶ መልሶ ዲ ያስገባዋል፣ ይጩህ ተዉት፣ ሞተር ቢበላሽ ይጠገናል። አደጋ መብራት አብርቶ ዳር መያዝ፣ ሲቆም ማጥፋት። ኒውትራል እምቢ ካለ ነው እየሄደ በተኑን ተጭኖ መያዝ የሚመጣው፣ ያኔ መሪው ይከብዳል ግን ይዞራል፣ ፍሬኑንም አለመልቀቅ ነው። ባለ ቁልፍ መኪና ላይ ደግሞ ቁልፉን አንድ እርምጃ ብቻ መመለስ እንጂ መንቀል አይገባም፣ መሪው ይቆለፋል። የእጅ ፍሬኑ በተን የሆነባቸው ብዙ መኪኖች ላይ በተኑን ስቦ መያዝ መኪናውን ያቆመዋል፣ ይሄንንም የሚያውቅ ሾፌር ብዙ አላገኘሁም።

ሪሞቱን በመስኮት እወረውረዋለሁ ያለኝ ተማሪም አለ። በጥቅምት 2023 ግላስጎው ውስጥ በኤሌክትሪክ ኤምጂ መኪና ላይ የነበረ ሰው ይሄንኑ አድርጓል፣ ፍሬን እምቢ አለኝ ብሎ ፖሊስ ጠርቶ ሪሞቱን ወደ ፖሊሶቹ መኪና ወረወረላቸው፣ እነሱም ይዘውት ሄዱ፣ መኪናው ግን መሄዱን ቀጠለ፣ በመጨረሻ ያቆሙት የራሳቸውን መኪና ከፊቱ አድርገው እንዲገጫቸው በማድረግ ነው። ሪሞቱ ሲርቅ አብዛኛው መኪና በድምፅ ያስጠነቅቃል እንጂ አይጠፋም፣ አለመጥፋቱም ልክ ነው፣ የሪሞት ባትሪ ስላለቀ ብቻ ቀለበት መንገድ መሀል መኪና መጥፋት የለበትም።

የምንጣፉን ነገር ሳልናገር አላልፍም። እኛ ሀገር መኪናው ይዞት የመጣው ምንጣፍ ላይ የጎማ፣ የጎማው ላይ ሌላ መደረብ ልማድ ሆኗል፣ መያዣ ሜንጦዋ ተሰብራ ስትንሸራተት የሚያያት የለም፣ ከወንበር ስር ደግሞ ባዶ ሃይላንድ ይንከባለላል። በሾፌሩ በኩል አንድ ምንጣፍ፣ በሜንጦው የተያዘ፣ በቃ።

አሁን የምጠይቀው። እኔ በማስተምርበት ቦታ የምናሠለጥነው ባለ ፍሪሲዮን አሮጌ መኪና ነው፣ ተማሪው ፈቃዱን ይይዝና በማግስቱ የአጎቱን ኤሌክትሪክ ይነዳል። ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ፈተናው ላይ አንድ ነገር ይጨምር፣ ቆሞ ባለ መኪና ላይ ቢሆንም ተማሪው ኒውትራሉን ሳያይ በእጁ ያግኝ፣ የስታርት በተኑ እየተሄደ እንዴት እንደሚጠፋ ይናገር። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አስመጪዎች ደግሞ በሚሊዮን ብር የሚሸጡት መኪና ላይ በአማርኛና በሌሎቹም ቋንቋዎቻችን የተጻፈ አንድ ገጽ፣ ኒውትራል እዚህ ጋ ነው፣ ለማጥፋት ይህን ያህል ሰከንድ ያዝ፣ የእጅ ፍሬኑ እየተሄደ ሲሳብ እንዲህ ያደርጋል የሚል አብረው እንዲሰጡ ይገደዱ፣ ምክንያቱም ከመኪና መኪና ይለያያል፣ የቻይንኛውን መጽሐፍ የሚያነብ የለም።

ጋዜጣችሁም ቢቻል አንድ ባለሙያ ይዛችሁ ከተማው ውስጥ በብዛት ካሉት፣ ከቢዋይዲና ከቮልስዋገን አይዲ ሞዴሎች ጀምራችሁ፣ ይሄንን በየሞዴሉ ብታወጡልን እኔ ቆርጬ ማሠልጠኛችን ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የመንጃ ፈቃድ አሠልጣኝ፣ አዲስ አበባ