ፊርማው የማን ነው?

ለአዘጋጁ፦

ባለፈው ወር እናቴን ሳስታምም ባሕር ዳር ባለ አንድ ሆስፒታል አራት ሌሊት አደርኩ። አጠገባችን ከዘጌ በጀልባ የመጡ አዛውንት ተኝተዋል። ተረኛዋ ሲስተር ሥራ ከጀመረች ገና ሦስት ወሯ ነው። ትጉህ ልጅ ናት፤ ግን ብቻዋን ነበረች። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የእናቴን መርፌ ሳትወጋ ቻርቱ ላይ «ተሰጥቷል» ብላ ፈረመች። ስጠይቃት ደነገጠች። «ቀድመሽ ፈርሚ፣ ኋላ ትደርሺበታለሽ ብለውኝ ነው» አለችኝ። መርፌው የተሰጠው 11 ሰዓት ላይ ነው።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በዲግሪ የተመረቀ ነርስ የሙያ ብቃት ምዘና ፈተና ይወስዳል። ጥሩ ነው። ፈተናው ግን እንዲህ ያለውን ሌሊት አይመዝንም። የሙያ ፈቃዱ በስሟ ነውና ስህተት ሲመጣ የምትጠየቀው እሷ ናት። «ፈርሚ» ያላት አለቃ ቤቱ ተኝቷል። ይሄ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ልጅቷ እንድትቀጣ አልፈልግም (እናቴማ መርቃታለች)። ለጀማሪ ነርስ በየተራው ልምድ ያላት ሲስተር ትመደብላት። ያልተሰጠ መድኃኒት «አልተሰጠም» ተብሎ ከነምክንያቱ ይጻፍ፤ የጻፈችውም አትሰደብ። የተረኛው ኃላፊ ስምና ስልክ ደግሞ ግድግዳው ላይ ይለጠፍልን።

አንድ አስታማሚ፣ ከባሕር ዳር