የወደቁት ሰላም አስከባሪዎቻችን ስም የት ይነበብ? ለመከላከያ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢፌዴሪ መከላከያ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በሰላም ማስከበር ግዳጅ ላይ የተሰዉ ወታደሮቻችን ስም ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

ይህን የምጽፍላችሁ የወታደር ልጅ ሆኜ ነው። አባቴ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን የሚወዛገቡባት አብዬ ሁለት ዙር ዘምቷል። ሰማያዊ መለዮው ዛሬም ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ከሜዳልያው ጎን ተሰቅሏል። በዓል ሲደርስ እናቴ መጀመሪያ የምትወለውለው እሱን ነው። ልጅ እያለሁ "አባትሽ የት ነው?" ሲሉኝ "ሚሽን" ብዬ ስመልስ አንገቴ ቀና ይል ነበር። ስለዚህ የምናወራለትን ኩራት ቤቴ ውስጥ አውቀዋለሁ።

እዚያው ሰፈራችን ውስጥ አንዲት እናት አሉ። እማማ ነው የምንላቸው። ልጃቸው ሶማሊያ ሄዶ አልተመለሰም። መርዶው ደርሷቸዋል፣ ድንኳን ተጥሎ ተለቅሷል፣ ተዝካሩም ወጥቷል። የጎደለ ሥርዓት የለም። ከጥቂት ጊዜ በፊት ቡና ተጠርቼ ቤታቸው ሄጄ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሐውልት አይተው መጥተዋል። "ድንጋዩ ላይ የሰው ስም በሰልፍ ተጽፎ አየሁ" አሉኝ። "የእኔስ ልጅ ስም የቱ ድንጋይ ላይ ነው?"

የምመልሰው አጣሁ። ጥያቄውን ወደ እናንተ ያመጣሁት ለዚህ ነው።

"የሰው ሀገር ሄደን ለምን እንሞታለን?" የሚል ሰው ብዙ ነው። ታክሲ ውስጥ ይነሳል፣ ለቅሶ ቤት ይነሳል። እኔ በዚህ አልስማማም። ምክንያቴ ደግሞ የገዛ ታሪካችን ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆሙ። ጣልያን ሀገራችንን ወርሮ ነበር፣ የመርዝ ጋዝ ከሰማይ አዝንቦብን ነበር። ማኅበሩ ማዕቀብ ጥሏል። ነዳጅን ግን ከማዕቀቡ ውጭ አደረገው። የስዊዝ ቦይም ለጣልያን መርከብ አልተዘጋም። ነዳጅ እየደረሰው፣ መንገድ ተከፍቶለት የሚመጣን ጦር ማዕቀብ ያቆመዋል? ብዙም ሳይቆይ ያችኑ ማዕቀብ አነሷት። ኅብረት ሲከዳ ምን እንደሚመስል ከኛ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ ያደረግነው ነው። ከጄኔቭ በኋላ 15 ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ተነሳ። (ቃኘው የራስ መኮንን ፈረስ ስም ነው። በፈረስ ስም የመጠራት ወጋችን ኮሪያ ድረስ ሄዷል ማለት ነው።) ተከድተን ነበርና ሌላው ሲከዳ አናይም ብለን ነው የሄድነው። በየተራ የዘመቱት ከ6 ሺህ በላይ እንደነበሩ ይነገራል። ከ120 በላይ ወደቁ። አንድም ምርኮኛ አልሰጡም። ኮንጎ ላይ ደግሞ ጠቅል ብርጌድ ዘመተ፣ ቀድሞ ኮሪያ የነበሩት ጄኔራል ከበደ ገብሬም የተመድ ጦር ጠቅላላ አዛዥ ሆኑ። ሩዋንዳም በ1986 ዓ.ም. ሄደናል። እዚያ ግን ስንደርስ ጭፍጨፋው አልቆ ነበር። ዓለም ወታደር ለማሰባሰብ ወራት ሲፈጅ ሰው አለቀ።

ቡሳን በሚገኘው የተመድ መካነ መቃብር ግድግዳ ላይ በኮሪያ ጦርነት ለተመድ የወደቁ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎች ስም ተቀርጿል። የኛዎቹም እዚያ አሉ። አንድ ኮሪያዊ ተማሪ ቆሞ ሊያነባቸው ይችላል። ሶማሊያ የወደቁትን ግን የኢትዮጵያ ተማሪ የት ያንብባቸው?

ስለ አብዬ ትንሽ ልቆይ። አባቴ የነበረበት ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ የኅብረት ጥቅሙም ድክመቱም አንድ ቦታ ላይ የታየበት ስለሆነ ነው።

በሰኔ 2003 ዓ.ም. የካርቱምና የደቡብ ሱዳን ተወካዮች እዚሁ አዲስ አበባ ተቀምጠው ተስማሙ። ሁለቱም ወገን እሺ ያለው የኢትዮጵያን ወታደር ነው። የፀጥታው ምክር ቤት ሰኔ 20 ቀን በውሳኔ ቁጥር 1990 እስከ 4,200 ወታደር ፈቀደ። የገቡት ከሞላ ጎደል በሙሉ የኛ ልጆች ነበሩ። ሁለት ጠበኞች በአንድ ሀገር ጦር ላይ እምነት ሲጥሉ ቀላል ነገር አይደለም።

አባቴ ስለ አብዬ ሲያወራ ስለ ተኩስ ብዙ አያነሳም። የሚያወራው ስለ ከብት ነው። በበጋ የሚሴሪያ አርብቶ አደሮች ውሃና ሣር ፍለጋ ከብቶቻቸውን ነድተው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። መሬቱ ደግሞ የንጎክ ዲንካዎች ነው። ግጭቱ የሚጀምረው ውሃ ዳር ነው። የወታደሩ ሥራ በሁለቱ መሃል መቆም፣ ሽማግሌዎቹን ማገናኘት፣ ሌሊት መዞር ነበር። "አንድ ሌሊት ማንም ሳይሞት ከነጋ ሥራችንን ሠራን ማለት ነው" ይላል አባቴ። ይህን ማንም ዜና አይሠራውም። እኔ ግን አገሬን የምኮራባት በዚህ ነው።

እዚያው አብዬ ሐምሌ 26 ቀን 2003 ዓ.ም. ግዳጁ ገና በተጀመረ ሰሞን፣ ማቦክ የሚባል ቦታ ላይ ቅኝት የወጡ ወታደሮቻችን ፈንጂ ረገጡ። አንዱ ወዲያው ሞተ። ሌሎቹ ቆሰሉ። የተመድ ሄሊኮፕተር ቁስለኞቹን ሊያነሳ ዝግጁ ነበር። ካርቱም ግን ፈቃድ አልሰጥም አለ፤ ያለ ፈቃድ ከበረረም እንደሚመታ ማስፈራሪያ መምጣቱን የተመድ ኃላፊዎች በወቅቱ በአደባባይ ተናግረዋል። ሰዓታት አለፉ። ሦስቱ ደማቸው ፈስሶ ሞቱ።

ይህን ባስታወስኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። የተመድ ባንዲራ ነበር። የፀጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ነበር። ሄሊኮፕተርም ነበር። የመነሳት ፈቃድ ብቻ ነው የጠፋው። ጄኔቭ ላይ የሆነውም እኮ ይኸው ነው፤ ማኅበሩ ነበር፣ ደንቡም ነበር። ስለ ሰላም ማስከበር ውጤታማነት ሲወራ ብዙ ሪፖርት ይጻፋል። እኔ አንድ ነገር ነው የምጠይቀው፦ የቆሰለው ልጅ ይነሳል ወይስ አይነሳም? እናንተ ወታደር ለመላክ ስትፈራረሙ ቁስለኛ ያለማንም ፈቃድ እንደሚነሳ በስምምነቱ ላይ ይጻፍ። አስተናጋጁ ሀገር አልቀበልም ካለ ወታደሩ ካምፕ ይቆይ። ከባድ ጥያቄ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ለዓመታት ለተመድ ከማንም ሀገር በላይ ወታደር ያዋጣነው እኛ ነበርን፤ በአንድ ወቅት ከ8 ሺህ በላይ ሰው ነበረን። ያን ያህል ያዋጣ ቅድመ ሁኔታ ቢያስቀምጥ ማን ይቆጣዋል?

ወደ ሶማሊያ ልምጣ። በጥር 2006 ዓ.ም. ጦራችን በሶማሊያ የአፍሪካ ኅብረትን ጦር፣ አሚሶምን፣ ተቀላቀለ። ከዚያ ስሙ አትሚስ ሆነ፣ አሁን ደግሞ አውሶም ነው። ስሙ ይቀያየራል፣ የገንዘቡ ችግር ግን አብሮ ይሻገራል። የአውሮፓ ኅብረት በ2008 ዓ.ም. ለወታደሮቹ አበል የሚሰጠውን ገንዘብ በ20 በመቶ ቀነሰ። ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ላይ የፀጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 2719 እስከ 75 በመቶ የሚሆነው ወጪ ከተመድ መዋጮ ሊሸፈን እንደሚችል አጸደቀ። ብዙዎቻችን እፎይ አልን። ሆኖም አውሶም ታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ላይ ሥራ ሲጀምር ውሳኔው ገና ብር አልሆነም ነበር። በዚያ ግዳጅ የኛ ድርሻ 2,500 ወታደር ነው። እነዚህ ልጆች ምሽግ ውስጥ ሆነው የሚጠብቁት ጠላትን ብቻ አይደለም፣ ደመወዝንም ነው።

ስለ ገንዘብ ካነሳን ሕዝቡ በሹክሹክታ የሚለውን ልጻፈው። ተመድ ለአንድ ወታደር በወር ከ1,400 ዶላር በላይ ይከፍላል። የሚከፍለው ለላከው መንግሥት እንጂ በቀጥታ ለወታደሩ አይደለም። መንግሥት ለሥልጠና፣ ለስንቅና ለትጥቅ ያወጣዋል፣ ይህ ይገባኛል። ግን ከዚያ ውስጥ ስንቱ ወታደሩ እጅ እንደሚገባ፣ ስንቱ ለሟች ቤተሰብ እንደሚውል በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ብታወጡት ሐሜቱ በአንድ ቀን ይበርድ ነበር። የሚሸፈን ነገር ከሌለ መሸፈኑ ለምን አስፈለገ?

ዝምታ ለማን እንደሚጠቅም ሰኔ 2 ቀን 2008 ዓ.ም. አይተናል። ሶማሊያ፣ ሃልጋን ላይ አልሸባብ የኛን ካምፕ አጠቃ። ወታደሮቹ ተዋግተው መልሰውታል። አልሸባብ ግን በዚያው ቀን በደርዘን የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ገደልኩ ብሎ አወጀ። ከኛ በኩል ውሸት ነው ተባለ። አዎ፣ ያ ቡድን ቁጥር ያጋንናል። ነገር ግን እውነተኛው ቁጥር ከነስሙ ስላልወጣ እናቶች ያን ሳምንት ያሳለፉት በጠላት ቁጥር እየተሸበሩ ነው። እማማም ያኔ ስልካቸውን ታቅፈው ነበር የሚያድሩት። ልጃቸው በዚያ ጊዜ ደህና ነበር።

የሟች ስም ማውጣት የጦሩን ሞራል ይነካል የሚሉ አሉ። ሰግተው እንደሆነ እረዳለሁ። ቦታና የጦር አሰላለፍ በግዳጁ ጊዜ ምሥጢር ሊሆን ይችላል። ስም ግን ከዓመት በኋላ ምን ምሥጢር ይሆናል? ቤተሰቡ ካለቀሰ፣ ሰፈሩ ካለቀሰ፣ ዕድሩ ካስተዛዘነ፣ ከማን ነው የምንደብቀው? ወታደር ደግሞ ስሙ እንደማይጠፋ ሲያውቅ ነው የሚበረታው። አባቴን ጠይቄው "እኛ ከሞት ይልቅ የምንፈራው መረሳትን ነበር" ብሎኛል።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ለመጻፍ የከበደኝ። የአብዬው ጦር የመጀመሪያ አዛዥ ሌተና ጄኔራል ታደሰ ወረደ ነበሩ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. በኋላ በነበረው ጦርነት እሳቸው በትግራይ ኃይሎች በኩል ሲያዋጉ፣ አብዬ ላይ በሳቸው ሥር ከነበሩት ብዙዎቹ በሌላው ወገን ነበሩ። የሰው ሀገር ሰዎችን አብረው ያስታረቁ ወታደሮች እርስ በርስ ተታኮሱ። አባቴ ስለዚህ ሲነሳ ክፍሉን ለቆ ይወጣል። እና ዝርዝሩ ሲዘጋጅ እባካችሁ ማን ከየት መጣ፣ ቤተሰቡ በኋላ ከማን ጋር ቆመ የሚል ወንፊት አይግባበት። የተመድን ሰማያዊም ይሁን የአፍሪካ ኅብረትን አረንጓዴ መለዮ አድርጎ በኢትዮጵያ ስም ወጥቶ የወደቀ ሁሉ ይግባ። ከኮሪያ እስከ ሶማሊያ፣ በፊደል ተራ።

ዝርዝሩ እጃችሁ ላይ እንዳለ አልጠራጠርም። ሠራዊት የራሱን ሰው ይቆጥራል። የምለምነው ከመዝገብ ቤት ወደ አደባባይ እንዲወጣ ነው። ለጊዜው ድንጋይ ባይሆን፣ ወረቀትም ይሁን፣ ድረ ገጽም ይሁን። ቀኑን ካላችሁኝ ግንቦት 21 ይሁን፣ የዓለም ሰላም አስከባሪዎች ቀን ነው። በዚያ ቀን ስማቸው በሬዲዮ አንድ በአንድ ይነበብ፤ ሰዓት ቢፈጅም ይፍጅ።

እማማ ማንበብ አይችሉም። ጽሑፉ የወጣ ቀን እጃቸውን ይዤ አመጣቸዋለሁ። ስሙ ያለበትን መስመር ፈልጌ ጣታቸውን አስቀምጥላቸዋለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
የአንድ ሰላም አስከባሪ ልጅ

ግልባጭ፦ ለአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን፣ የሰላምና ደህንነት ዘርፍ
አዲስ አበባ